አንዲት ድምፅ ብቻ

ዛሬ ሰርግ ላይ በሳክስፎኔ አንዲት ድምፅ ብቻ ስነፋ ዋልኩ። ሰው ግን እንደ ጉድ ጨፈረ!

ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ የማስተምራት አስቴር ደቡብ ምዕራብ፣ ሸዋ ቤንች በሚባል ወረዳ ተዳረች። እዚያ ቀርከሃ ነፊዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ይይዛል፣ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው።

ከነፊዎቹ አንዱ ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ቴፒ ቀረ። ዜማው ጥርሱ የወለቀ አፍ መሰለ፤ ሙሽሮቹ ደግሞ ደርሰዋል!

"መምህር፣ የሱን ቦታ ያዝ" አሉኝ የነፊዎቹ አለቃ፣ ሽማግሌው።

ድምፁን ፈልጌ አገኘሁ። ግን ዕድሜዬን ጃዝ የተጫወትኩ ሰው አላስችል አለኝ፤ አስረዘምኩ፣ ጌጥ ጨመርኩ። የሌሎቹ ተራ ጠፋና ዜማው ቆመ።

"የሰው ተራ አትውሰድ!" ሲሉኝ አብረውኝ ለሰርጉ የመጡት ተማሪዎቼ በሳቅ ሞቱ። (ክፍል ውስጥ በዚሁ ነገር የምቆጣቸው እኔ ነኝ።)

ከዚያ በኋላ ጨዋ ሆኜ በተራዬ ብቻ ነፋሁ። አስቴር ቬሎዋን ሰብስባ መሃል ገባች።

ሊመሽ ሲል ቴፒ ቀርቶ የነበረው ነፊ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰ። ልለቅለት ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙ፦ "ተው፣ እሱ እህል ይቅመስ። አንተ ገና አሁን ገባህ።"

እናንተስ፣ በገዛ ሙያችሁ እንደ አዲስ ጀማሪ የሆናችሁበት ቀን የለም? አጫውቱኝ እስኪ፤ እኔ ከንፈሬ ስላበጠ ዛሬ አድማጭ ነኝ።