የምንጅላቴ ሦስት ቤቶች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው ይሆን? ብዙ አመነታሁ። ጦርነት የለበትም፤ ዝነኛ ሰው የለበትም። ያሉት ከሞቱ ዘመን ያለፋቸው አንድ ነጋዴ፣ ሦስት ቤቶቻቸውና እኔ በጥንቃቄ ያሰመርኋት አንዲት የተሳሳተች መስመር ናቸው። ነገር ግን መስመሯ የእህቴን ሰርግ ልታስቀር ምንም አልቀራትም ነበር።

እህቴ ከዐረብ አገር ተመልሳ ደብረ ታቦር ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፍታለች። የፈለጋት ሰው የእብናት እህል ነጋዴ ነው። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ሲያምር እናቴ ጠራችኝ። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት ዘራቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አንድ አያት ካገናኛቸው ጋብቻው ይቀራል።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሻል፤ አንቺ ጻፊው» አለችኝ።

ደስ አለኝ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ሥራ ሲሰጠኝ ከታዘዝሁት በላይ መሥራት እወዳለሁ። ስም መደርደር ብቻ አነሰኝና የምንጅላቴን፣ የአያቴን አያት ማለት ነው፣ ንግድ ጭምር ተከታተልሁ። አሞሌ ጨውና ቡና በበቅሎ ያመላልሱ ነበር። ደብረ ታቦር፣ ይፋግና እብናት ላይ ቤት ነበራቸው። በሰፊ ወረቀት ሦስቱን ቤቶች ሥዬ በየቤቱ ያደጉትን ልጆች ከሥራቸው ጻፍሁ። የሙሽራው ምንጅላት የሆነች ሴት እብናት ባለው ቤት እንዳደገች ቤተሰቦቹ ነግረውኝ ስለነበር እሷንም እንደ ልጃቸው ቆጥሬ ከነጋዴው ጋር በመስመር አገናኘኋት።

ወረቀቱን እህቴ ባለችበት ለአያቴ ወንድም አነበብሁላቸው። በቤተሰባችን የዘር ነገር የሚቆረጠው በእሳቸው ቃል ነው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«በእኛ አራት፣ በእነሱ አምስት። ሰባት አልሞላም። እህትና ወንድም ናቸው፤ ይቅር!»

እህቴ እኔን አየችኝ። «ሦስት ዓመት በሰው ቤት ስለፋ ያላለቀስሁትን ዛሬ አስለቀስሽኝ። ለመሆኑ ሥዕል ሣይ ያለሽ ማን ነው?»

በማግስቱ በአዲስ ዘመን ከተማ በኩል ዞሬ እብናት ወረድሁ። የሙሽራው አክስት ወደ ነጋዴው አሮጌ ቤት ወሰዱኝ። የቀረው ጉልበት የሚደርስ የድንጋይ ግንብና በቅሎዎቹ ይጠጡበት የነበረ የድንጋይ ገንዳ ነው።

«እዚህ ያደገችው ልጅ የነጋዴው በቅሎ ነጂ ልጅ ናት» አሉኝ። «አባቷ መንገድ ላይ ሲሞት ነጋዴው አሳደጓት እንጂ አልወለዷትም።»

እየበረርሁ ተመልሼ ለአያቴ ወንድም ነገርሁ። አልተቀበሉኝም።

«ሙሽራ ያማራቸው ሰዎች ሌላ ምን ይበሉ ኖሯል? ለራስ ቤት መመስከር አለ እንዴ?»

ሁለት ቀን አሰብሁ። ከዚያ እህቴንና እናቴን ይዤ እንደገና ወደ አያቴ ወንድም ሄድሁ።

«አባባ፣ የምንጅላቴ ርስት ሲከፈል ለሴቶቹ ደርሷቸዋል?»

«ምን ነካሽ? ሴትም ወንድም እኩል ነው የወሰደ። የይፋጓ አክስቴማ ለሙን መርጣ ነው የወሰደች።»

«ከእብናትስ ድርሻ ልጠይቅ ብሎ ማን መጣ?»

«ማንም።»

«ከዚያ ወዲህስ የዚያች የእብናቷ ልጅ ልጆች ወይም የልጅ ልጆቿ ከስሰዋችሁ ያውቃሉ?»

ያለፉትን የርስት ክርክሮች አንድ በአንድ እያስታወሱ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«እብናቴ ድርሻ ኖሮት ዝም ሊል! ለአንድ ክንድ ድንበር ጎንደር ድረስ የሚካሰሱ ሰዎች እኮ ናቸው! ይህን ያህል ትውልድ ካልጠየቁ፣ እውነትም የእኛ ደም የለባቸውም። በይ ሰርዣት!»

እዚያው ፊታቸው ሰረዝኋት። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እህቴ አንገቴን አንቃ ሳመችኝና፣ «ደግሞ ሌላ ቤት ትሥይና!» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተጠሩ፤ ቀን ተቆረጠ። ሙሽሮቹን ጉልበት አስመው የመረቁት የአያቴ ወንድም ናቸው፤ ከእብናት ለመጡት እንግዶች ሁሉ ስለ ክርክሩ እየነገሩ ሲያስቋቸው ዋሉ። ቀኑ እሑድ ነበር፣ ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.።