ባለቤት የሚለው መስመር

ስደተኞች በሚበዙበት በሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት፣ መቅደስ ለአገሯ ሰዎች በነጻ የታክስ ፎርም ትሞላለች። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ በሆቴል ጽዳት ዩኒፎርማቸው ላይ ነጠላ ደርበው፣ በረኪና የላጠውን እጃቸውን ከነጠላው ሥር ደብቀው ተቀመጡ።

«እትዬ፣ መንግሥት የሚመልስልዎት የሽያጭ ታክስ ገንዘብ የቆመብዎት የባለቤትዎ ነገር ስላልተጻፈ ነው።»

«ወታደሮች ከወሰዷቸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነ። ሞቱ ያለኝ ግን የለም።»

«‹ባሏ የሞተባት› ልበልና ቼኩ ይምጣልዎት። ኪራይ ጨመረብኝ አላሉም?»

«መርዷቸውን ሳልሰማ፣ ለወተትና ለዳቦ ብዬ እኔው ልግደላቸው?»

ፎርሙን አጥፈው ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

«ለመሆኑ ስንት ነበር፣ ልጄ?»

መቅደስ ስሌቱን አስቀድማ ሠርታዋለች፤ የአንድ ወር አስቤዛ ይሸፍን ነበር።

«ኧረ ትንሽ ነው፣ እትዬ» አለቻቸው።