ጥቁሩ ሽቦ

ዛሬ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 2013 ነው። ሙሉ ስሜ አሳምነው ክፍሉ ወልደሰማያት ይባላል። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ የማነ ነው።

የማነ አዲስ አበባ ሳለ የታወቀ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሎስ አንጀለስ ሲገባ ግን የሙያ ፈቃድ ስለሌለው፣ ፈቃድ ካለው አለቃ ሥር በረዳትነት ተቀጠረ፤ ብቻውን እንዳይሠራም በጥብቅ ተነግሮታል። ሆኖም በመጣ በሳምንቱ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቅመማ ቅመም የሚሸጡት ጋሼ ግዛው ሱቃቸው ጨልሞባቸው ቢለምኑት እምቢ ማለት ከበደው። ዋናውን የኮረንቲ መስመር አጥፍቶ አዲስ መብራትና ማብሪያ ማጥፊያ አስገባላቸው። አምፖሉ ሲበራ ጋሼ ግዛው መረቁት።

ፓልምስ ሰፈር ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሙያ ትምህርት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን አስተማሪው ጥቁር ሽቦ ከፍ አድርጎ፣ «ኮረንቲውን የሚያመጣው ይህ ነው፤ ነጩ መላሽ ነው» አለ። የማነ አገሩ የተማረው ግን ጥቁሩ መላሽ እንደ ሆነ ነበር፤ የጋሼ ግዛውንም የሠራው እጁ በለመደው መንገድ ነው። ያ ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጠው መላሹን እንጂ ኮረንቲ የሚያመጣውን ሽቦ አይደለም ማለት ነው። መብራቱ ቢጠፋም ኮረንቲው የአምፖሉ መያዣ ላይ ቁጭ ብሎ እጅ ይጠብቃል።

ከክፍል ወጥቶ ወደ ሱቁ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው የጋሼ ግዛው ልጅ ዶርቃ ናት።

«ሃይ የማነ! አሁን ስላንተ እያወራን ነበር። ያ አምፖልህ ተቃጠለ እኮ!»

«ጋሼስ የት ናቸው?»

«ሌላ ሊገዛ ወጥቷል።»

«እንዳይነኩት በያቸው! መጥቼ እኔ እለውጠዋለሁ።»

«ለአምፖል? ዋው፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ደግ ሆንክ?»

እውነቱን ሊነግራት ነበር። ነገር ግን ያለ ፈቃድ መሥራቱ ከተሰማ እንደሚባረር ታየውና፣ «ዝም ብለሽ ንገሪያቸው» ብሎ ዘጋ። ድራይቭ ሲያደርግ ቀይ መብራት በያዘው ቁጥር ደግሞ ደወለ። ስልኩ አይነሳም።

ደርሶ በሩን ሲከፍት፣ ጋሼ ግዛው የብረት መሰላል ላይ ቆመው እጃቸውን ሰቅለዋል።

«ጋሼ፣ አይንኩት!»

«አጥፍቼዋለሁ እኮ! አንተ ሳትወለድ አምፖል የለወጥኩ ሰው ነኝ። ለዚህ ደግሞ ኤሌክትሪሻን ልጠብቅ?» ብለው ጣታቸውን ወደ አምፖሉ ሰደዱ።

«አልጠፋም! እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ሽቦውን አዛውሬ ነው ያሰርኩት። ከነኩት ይገድልዎታል!»

እጃቸው አየር ላይ ደርቆ ቀረ። የማነ ሮጦ ዋናውን አጠፋ። ጋሼ ግዛው ወረዱና የሽሮ ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያ ሁለት ወር ሙሉ ከሞት ሥር ቆሜ በርበሬ ስመዝን ነበር በለኛ!» አሉ።

ሰኞ የማነ ለአለቃው ራሱ ነገረው፤ አለቃውም እዚያው አሰናበተው። የሱቁንም መብራት ባለፈቃድ ሠራተኛ መጥቶ አስተካከለው ተባለ።

እኔ ተባለን አልቀበልም። ትናንት ኮረንቲ ሲነካ የሚበራ ቴስተር ተውሼ ሱቁ ሄድኩ። መጀመሪያ ሶኬት ላይ ሞከርኩት፤ በራ። ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼ የአምፖሉን መያዣ አስነካሁ። አልበራም፤ ኮረንቲው እዚያ የለም።