እኔ ያመጣሁት ዋስ

ባለቤቴን የቀበርን ዕለት የእድራችን ጸሐፊ የሕይወት ታሪኩን ሲያነብ «ከሰው ሁሉ ጋር ተስማምቶ በሰላም የኖረ» አለ። ለቅሶዬን አቆምኩ። ውሸት ነው። ባለቤቴ ከሰው ሁሉ ጋር ተስማምቶ አያውቅም፤ ከእኔም ጋር ቢሆን ስንት ቀን ተኳርፈን ከርመናል። ወረቀቱን ሲያዘጋጁ አልጠየቁኝም። መጻፍ እንደምችል እያወቁ «ሐዘንተኛ አትድከም» ተባባሉ። አሁን ሰውም ተበትኗል፣ ድንኳኑም ወርዷል፤ ስለዚህ ልድከም። በቀን አንዳንዴ አምስት መስመር ብቻ ይሆንልኛል። ከዚያ እናደድና ብዕሩን አስቀምጣለሁ።

ባለቤቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ፒያሳ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ፍርድ ቤት ወይም ማዘጋጃ ቤት ጉዳይ ላለው ሁሉ ይጽፍ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልብስ አጣቢ በወረቀት የተጠቀለለ በርበሬ ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሻል። በማን ላይ ነው የሚጻፈው?» አለችው።

ከጎረቤት ቡና ቤት አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጣና በርበሬውን ነሰነሰበት። ጥቂቱ ከላይ ተንሳፈፈ። የቀረው ወርዶ ከብርጭቆው ሥር ቀይ ጭቃ ሆኖ ተኛ። የተፈጨ ሸክላ ነበር። ሴትዮዋ «ልጆቼን ይሄን ነው ሳበላ የኖርኩት?» አለች። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት ሲገባ ምሳ አልበላም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛውን ከአትክልት ተራ ዝቅ ብሎ ካሉት የበርበሬ ሱቆች ፊት ያወጣዋል። የገዛች ሁሉ ከገዛችው አንድ ማንኪያ ታመጣለች፤ እሱ ውሃ ውስጥ ይጨምርና ሰው ሁሉ እያየ ይጠብቃል። ሥራው ይኸው ነበር። አይጮህም፣ አይሳደብም። ስድቡን የአራዳ ልጆች ይጨርሱለታል።

«ለካ ወጥ የበላን መስሎን በሆዳችን ቤት ስንሠራ ከርመናል!»

«ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረን ቆርቆሮ ነው።»

«ቆርቆሮውንማ ከቅቤው ውስጥ ፈልግ!»

ሰዉ ይስቃል። እኔ ግን መሳቅ አቅቶኝ ነበር፤ ዛሬም አልስቅም። ደህና ኑሮ ያለው ሰው ዛላውን በጆንያ ገዝቶ፣ አስቀንጥሶ፣ አስጥቶ፣ በቤቱ ነው የሚያስደልዘው። በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን የሚገዛው ጓዳ የሌለው ነው፤ ቀን ሠራተኛው፣ ተራ ወታደሩ፣ ልብስ አጣቢዋ። ቢሮ ተቀምጠው የባለቤቴን ማመልከቻ «ይታያል» እያሉ የሚመልሱት ሰዎች ሸክላ በልተው አያውቁም። ስላልበሉት አላመኑትም። ያላመኑትን ነገር ደግሞ ደጋግሞ የሚነግራቸው ሰው ጠላት መሰላቸው።

በመጨረሻ የጻፈው ማመልከቻ ነው ያሳሰረው። ገበያውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ይሾሙ ብሎ ቢያቆም ማንም አይነካውም ነበር። እሱ ግን በርበሬውን የሚገዙት ሰዎች ራሳቸው የሚመርጧቸው ተቆጣጣሪዎች ይኑሩ ብሎ ጻፈ። ከገበያው ትልቁ በርበሬ ነጋዴ ደግሞ በዚያው ሰሞን «ሕዝብ ያነሳሳብኛል» ብሎ ከሰሰው። እኩለ ቀን ላይ ከጠረጴዛው አንስተው ወሰዱት።

ጣቢያው ወለሉ እርጥብ ነበር። ስንቅ ይዤ ስሄድ ከበሩ ሆኜ ሳሉን እሰማዋለሁ። ያለ ዋስ አይፈታም አሉኝ፤ ዋሱም ቤት ወይም የንግድ ፈቃድ ያለው፣ «ዳግመኛ ቢያጠፋ እኔ በእሱ ፈንታ ልታሰር» ብሎ የሚፈርም ሰው መሆን ነበረበት።

ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄድኩ። «እኔ የመንግሥት እንጀራ ነው የምበላው፤ እባክሽ አትንኪኝ» አለኝ። አቤቱታቸውን እየጻፈ ርስት ያስመለሰላቸው ሰዎች ዘንድ ሄድኩ፤ አንዱ ታሟል፣ ሌላው አገር ቤት ሄዷል። የእድሩ ዳኛ ዘንድም ሄድኩ።

«እድር ለሞተ ነው እንጂ ለታሰረ አይደለም» አለኝ።

በማግስቱ ከሳሹ ነጋዴ ራሱ ቤቴ መጣ። ሽማግሌ ነው፤ ነጠላውን አጣፍቶ በራፌ ላይ ቆመ።

«ልጄ፣ ዋስ አጣሽ አሉ። ምነው ወደ እኔ ሳትመጪ?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያሳሰሩት?»

«ክስ ሌላ፣ ጉርብትና ሌላ። የአንድ አጥቢያ ሰዎች ነን። ቂም ይዤ እንዴት ቅዳሴ እቆማለሁ? ባልሽ ክፉ አይደለም፤ ሞኝ ነው እንጂ።»

ጉልበቱን ሳምኩት። ይህን መጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። በአገራችን ዋስ የሚሆነው ወገን እንደሆነ አላውቅም ነበር አልልም። አውቅ ነበር። ግን ያን ጊዜ የሚሰማኝ ሳሉ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ ሲፈታ ማን እንደዋሰው ጠየቀኝ። «አንድ የአጥቢያ ሰው» አልኩት። «እግዜር ይስጠው» አለ። ቅዳሜ እስኪደርስ ቸኮለ፤ ጠረጴዛውን ይዞ ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሴቶቹ ወረቀታቸውን ይዘው ከበውት ነበር። ገና ውሃውን ሲያዘጋጅ ነጋዴው ከሱቁ ወጥቶ ትከሻውን አቀፈው።

«እሰይ ልጄ፣ እንኳን በደህና ወጣህ! እናንተ ሰዎች፣ ዋሱ እኮ እኔ ነኝ! ቢያጠፋ ልታሰርለት ፈርሜያለሁ። እንግዲህ ልጄ፣ ብርጭቆህን ሙላና አሳስረኝ፤ ፈቃድህ ነው።»

ያቺ ልብስ አጣቢ «ጋሼ፣ እውነት ነው?» አለችው።

ዞሮ አየኝ። ፊቴን አይቶ አወቀ። «እውነት ነው» አላት።

«ለካ ቀማሚውና ቀማሹ አንድ ቤት ናቸው!» አለ አንዱ ከኋላ። ያን ቀን ሰዉ የሳቀው በእሱ ላይ ነበር። ሴቶቹ ወረቀታቸውን ነጠላቸው ሥር ሸጉጠው አንድ በአንድ ሄዱ። የማይረሳኝ የእነሱ አካሄድ ነው፤ አልተቆጡም፤ የለመዱት ነገር እንደ ደረሰባቸው ሆነው ሄዱ። እስር ቤት ያልቻለውን ነገር አንድ ፊርማ ጨረሰው፤ ፊርማውን ደግሞ ጉልበት ስሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

ቤት ገብተን ጮህኩበት። ጥፋተኛዋ እኔ፣ የምጮኸውም እኔ።

«ደም እስክትተፋ ልጠብቅ ነበር? ማን መጣልህ? የጻፍክላቸው ሁሉ የት ነበሩ?»

«አልፈርድብሽም» አለ። «ሰኞ ሄጄ ዋሴን አወርዳለሁ።»

«አብደሃል! ተመልሰህ ልትታሰር?»

«ዋስ እያለኝ ብርጭቆ ብዘረጋ ዋሱን አሳልፎ የሰጠ ነውረኛ ነኝ። ዋሴን አክብሬ ብቀመጥ ደግሞ የእሱ ሎሌ ነኝ። ሌላ መንገድ ካለሽ ንገሪኝ።»

«አለ! ሥራህን ሥራ፤ እሱ ይታሰር! ይገባዋል!»

«ይገባዋል። ግን በሸክላው እንጂ በእኔ አይታሰርም።»

እስከ ሰኞ አላናገርኩትም። ይህን ክብሩን ጠልቼዋለሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ ዛሬም አልወደድኩትም። ክብር የሌለውን ሰው በክብር መጠበቅ ምን የሚሉት ነገር ነው? ዋጋውንስ ማን ከፈለው? ደረቱን የጨረሰው ያ ሁለተኛው እስራት ነው። በእርግጥ ክሱ ተሰርዞ ያለ ዋስ ወጣ፤ ሴቶቹም ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያን ብርጭቆ ከበው ቆሙ፤ ነጋዴውም ሱቁን ዘግቶ ከሰፈሩ ሄደ። ሰኞ ጠዋት ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው የዚያን ወለል እርጥበት ነው።

አብሬው ሄድኩ። የጣቢያው መቶ አለቃ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ።

«ሰው ዋስ አጥቶ ያለቅሳል፤ አንተ ዋስህን አውርዱልኝ ትላለህ?»

«አዎ ጌታዬ። አውርዱልኝ።»

መዝገቡን አስመጥቶ ገለጠና ወደ እኔ ዞረ። ድምፁ ለስለስ አለ።

«ወይዘሮ፣ ዋሱን ያቀረቡት እርስዎ ነዎት። እርስዎ ካልፈረሙ አይወርድም። አይፈርሙ። ይዘውት ይግቡ።»

ባለቤቴ ግድግዳውን ያያል። ለምኖኝ ቢሆን ኖሮ አልፈርምም ነበር። ቢቆጣኝም አልፈርምም ነበር። እሱ ግን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሳሉን እንኳ እንዳልሰማው አፍኖ ይዞት ነበር። በዚህም ተናደድኩ።

«ለአንድ እስረኛ ስንት ብርድ ልብስ ይፈቀዳል?» ብዬ መቶ አለቃውን ጠየቅኩት።

«አንድ።»

«ሁለት ያስገቡለት» አልኩና ብዕሩን ከእጁ ወስጄ ፈረምኩ።