የአባቴ የባሩድ መስፈሪያና የሚስቴ የሰንበት ጨርቅ

ኢየሩሳሌም ከተማ ውስጥ የአሮጌ ጠመንጃ የባሩድ ልክ በምግብ ጠረጴዛ ጨርቅ የለካሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። የገዛ ሚስቴም አታምነኝም፣ ጨርቁ የራሷ ሆኖ ሳለ!

እኔ በያጅ ነኝ። በየጠዋቱ ከቂርያት መናሔም ሰፈር በአውቶቡስ ተነስቼ ኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ ያሉትን የድንጋይ ቤቶች በርና ቁልፍ እጠግናለሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። በዚያ ሰፈር የእኔ እጅ ያልነካው በር ካለ፣ እሱ በር ሳይሆን መስኮት ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ አናጢ ነው። አንድ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል። በቀረችው በአንዷ ጋዜጣ ያነባል፣ በእሷው እኔን ይቆጣኛል። ግድግዳው ላይ የአያቱ ጠመንጃ ተሰቅሏል፤ ያ ባሩዱ በአፈሙዙ ተጨምሮ፣ የእርሳሱ ድብልብል በዘንግ የሚጠቀጠቅበት ዓይነት። አናጢው ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል አንዴ ልተኩስበት ብሎ ተነሳ። ፈቃድ አወጣ፣ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ የሚተኩሱ ሰዎች ማኅበር ገባ፣ አንድ ዓርብ ጠዋትም "ና፣ ተኩስ ሜዳ አብረን እንሂድ" አለኝ። ቃታውን የጠገንኩለት እኔ ነኛ!

የተናደድኩት እዚያ ነው። እስካሁንም አልበረደልኝም።

የማኅበሩ አሰልጣኝ ሠንጠረዥ አወጣ፣ ሚዛን አወጣ፣ ባሩዱን መዘነ። ሳየው ክምር ነው።

"ይሄ ለዚህ ጠመንጃ ይበዛል" አልኩት።

"ሠንጠረዡ ነው ያለው።"

"ሠንጠረዡ የተጻፈው ለአዲስ ጠመንጃ ነው። ይሄ እኮ ሽማግሌ ነው፣ ብረቱ ሳስቷል።"

"አንተ ኮርሱን የት ነው የወሰድከው?"

"አባቴ ቤት።"

ዙሪያውን የቆሙት የማኅበሩ ሰዎች ሳቁ። አንዱ "እናንተ አገር በጦር አይደል እንዴ የምታድኑት?" አለ። አሰልጣኙ ደግሞ "መጥረጊያው እዚያ ጥግ አለልህ" ብሎ ጨመረበት።

እኔ ቀልድ እወዳለሁ። ስድብም ቢሆን ጥሩ ሆኖ ከመጣ እስቃለሁ። ይሄኛው ግን ሆዴ ገብቶ ቀረ። አባቴ ጎንደር ገጠር ቀጥቃጭ ነበር። ከማሽላቸው ዝንጀሮ የሚያባርሩ ገበሬዎች አሮጌ ጠመንጃቸውን ተሸክመው የሚመጡት ወደሱ ነው። ፊት ለፊት "እጅህ ይባረክ" ይሉታል፤ ዘወር ሲሉ ቡዳ ነው፣ ጅብ ሆኖ ያድራል ይሉታል። ብረት ስላወቅን ጅብ ተባልን። እዚህ ስንመጣ ደግሞ ብረት የማያውቅ ባለመጥረጊያ ሆንን። እስቲ ይወስኑ! ወይ ጅብ ያድርጉኝ ወይ ጠራጊ፤ ሁለቱንም በአንድ ደሞዝ አልችልም።

አባቴ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ ከቀንድ ጫፍ የራሱን መስፈሪያ ይሠራለት ነበር። ቀንዱን ሰም ይሞላዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚይዘው ባሩድ ጥቂት ብቻ ነው። ጠመንጃውን ግንድ ላይ ያስራል፣ ከአፈሙዙ ፊት ነጭ ኩታውን ያነጥፋል፣ ድንጋይ ኋላ ተደብቆ ቃታውን በገመድ ይስባል። ኩታው ላይ ጥላሸት ብቻ ከታየ ሰሙን ትንሽ ፍቆ ባሩዱን ይጨምራል። ሳይቃጠል የተረፈ ፍሬ ከወደቀበት ግን በዝቷል ማለት ነው፤ አንድ ጠብታ ሰም ይመልስበታል። ያችን ቀንድ ማንገቻው ላይ ያስርና "በዚህ ብቻ" ብሎ ይሰጣል። እናቴ ስለ ኩታው የምትለውን እዚህ አልጽፈውም።

እኔም ሾፋር የሚባለውን የቀንድ መለከት ከሚሠራ ሰው የተጣለ የቀንድ ጫፍ ለምኜ፣ ሰም ሞልቼ፣ ኪሴ ይዤ ነበር። ጨርቅ ግን ረስቻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ሚስቴ ከላውንድሪ አምጣልኝ ያለችኝ የሰንበት የጠረጴዛ ጨርቅ ነው፣ ገና ከነፕላስቲኩ።

አናጢውን "መጀመሪያ ታስሮ ይፈተን፤ ብትጠፋ ዓይኗ ያንተ ናት፤ አንተ ወስን" አልኩት።

ጠመንጃውን አየ፣ እኔን አየ። "እሰሩት" አለ።

"በአሰልጣኙ ልክ ይጀመር" አልኩ። ከከባድ አግዳሚ ጋር አሰርነው፣ ጨርቁን አነጠፍኩ፣ ሁላችንም ግድግዳ ኋላ ገባን። ገመዱን ሳብኩት። ጆሯችን ጭው አለ። ጢሱ ሲበተን የሚስቴ ጨርቅ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ዳቦ መስሏል። እሳቱን የምትጭረው ትንሿ የመዳብ ቆብ ተበጣጥሳ፣ ስባሪዋ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ከሰደፉ ጀርባ ሳንቃው ላይ ተሰክቷል። አናጢው ሄዶ እንደሚተኩስ ሰው ጎንበስ አለ። ስባሪው ልክ ከደህናዋ ዓይኑ ትይዩ ነበር። በጣቱ ነካው።

ከዚያ በኋላ መጥረጊያ ያነሳ ሰው የለም።

የጠመንጃውን ብረት ዙሪያውን ፈትሼ በእኔ ቀንድ ከትንሹ ጀመርን። በእያንዳንዱ ተኩስ ጨርቁን እያራገፍኩ፣ ሰሙንም ትንሽ እየፋቅኩ ሦስቴ ጥላሸት ብቻ አየሁ። በአራተኛው ፍሬ ወደቀ። አንድ ጠብታ ሰም መለስኩበት፣ አምስተኛው ንጹሕ ሆነ። ያኔ አናጢው ከትከሻው ተኮሰ። የዒላማውን ወረቀት ከጥጉ በሳው። ዓይኑን ዳሰስ አደረገና ትከሻዬን በቡጢ መታኝ፤ የእሱ ምርቃት እንደዚህ ነው።

ቤት ስገባ ሚስቴ ጨርቁን ዘርግታ አየችው። "አንተ ሰውዬ! ዛሬ በምን ላይ ልንበላ ነው? በባሩድ?"

"የአባቴ ሙያ ነው" አልኳት።

"እንግዲያስ አባትህ ይጠበው!"

ይሄን ሁሉ ትቼው ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ከአናጢው ጋር ተመልሼ ስሄድ አሰልጣኙ አዳዲስ ሰዎች ሰብስቦ፣ ሰፊ ነጭ ጨርቅ አንጥፎ፣ ኪሱ የቀንድ መስፈሪያ ይዞ ያስተምራል። "ይሄ የእኔ ዘዴ ነው" ይላል!

"ከማን ተማርከው?" አልኩት በሰው ፊት።

"ከልምድ" አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ከልምድ! የአባቴ ስም ልምድ ነው እንዴ? አዲሶቹ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ፣ ልብሴን አዩ፣ ከዚያ ወደ እሱ ተመለሱ። አንዱ ጭራሽ መንገድ እንድለቅለት በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

እንግዲህ ውሸታም የምትሉኝ፣ እግር አላችሁ። ሚስቴን ጠይቁ፤ ጨርቁ ስንቴ ታጥቦ ነጥቦቹ አሁንም አሉ፣ ግን ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ ኢትዮጵያ ጎዳና ሂዱና እኔ የበየድኩትን አረንጓዴ የብረት በር አንኳኩ። አናጢው ይወጣል፤ በአንዷ ዓይኑ ከላይ እስከ ታች ያያችኋል። ያችን ዓይን ማን እንዳተረፋት እሱን ጠይቁት። ወንድ ከሆናችሁ ሂዱ!