የሰው አገር ድንበር

በእኛ ሰፈር ካናዳ የሚባል አገር የለም። ባሕር የተሻገረ ሁሉ «አሜሪካ ነው ያለው» ይባላል፤ ጀርመን ያለውም፣ አውስትራሊያ ያለውም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የብርድ ልብስ ሱቅ አለችኝ። በሯ ላይ ቆሜ «የትኛው ወንድምሽ ነው አሜሪካ ያለው?» ስባል «ሁለቱም» ብዬ ነው የምገላገለው። ታላቁ ካናዳ ነው፣ ታናሹ አሜሪካ ነው ብዬ ላስረዳ ብሞክር መልሱ አንድ ነው፤ «ያው ነው» ይሉኛል። እኔም ያው ይመስለኝ ነበር። ያው አለመሆኑ የገባኝ አባቴ ቅዳሴ መግባት ሲተዉ ነው።

አባቴ አንኮበር ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉ ቄስ ናቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ብርዱም ጉሙም ጎዳዎት፣ ወደ እኔ ልውሰድዎት ስላቸው «ደብሩን ለማን ትቼ?» ይሉኛል። ወንድሞቼ የሚበላለጡት በሁለት ዓመት ነው። ያደጉት ጫፉ በተበላ አንድ ብርድ ልብስ ሥር ነው፤ እኔ አሁን ቢያመጡልኝ ለአህያ ጭነት ማልበሻ እንኳ የማልሸጠው ዓይነት። ታናሹ ታላቁን በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ «ጋሼ» ነው የሚለው። በሁለት ዓመት ለሚበልጠው ልጅ ጋሼ ማለቱ ሰፈሩን ያስቅ ነበር። እሱ ግን ጢም ካወጣም በኋላ አልተወውም።

ታላቁ በሱዳን ዞሮ ካናዳ ገባ፤ ታናሹ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄደ። ዕድል ሆኖ የወደቁት ከድንበሩ ግራና ቀኝ ነው፤ በመኪና ሦስት አራት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። አባባ ርቀቱን ሲጠይቁኝ «ከዚህ ከአንኮበር አዲስ አበባ ያህል ነው» አልኳቸው። «እንግዲያማ አንድ ሰፈር ናቸዋ!» ብለው ደስ አላቸው፤ ለጎረቤቱም ለምእመኑም ይህንኑ ሲያወሩ ከረሙ። እውነትም አንድ ሰፈር ነበሩ። ታላቁ ከባድ መኪና እየነዳ ከካናዳ እንጨት ወደ አሜሪካ ያመላልስ ስለነበር በየጊዜው ታናሹ ቤት ያድር ነበር። የሚልኩልኝ ፎቶ ሁሉ አንድ ሶፋ ላይ ተጣብቀው የተነሡት ነው። እኔም ያንን እያየሁ፣ ሁለት ወንድም ለባሕር ማዶ ሰጥቼ አልከሰርኩም እል ነበር።

ከዚያ አሜሪካ በካናዳ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጫነች። ካናዳን ጠቅልለን ሃምሳ አንደኛ ግዛታችን እናድርጋት የሚል ነገርም ከላይ ከትልልቆቹ አፍ ወጣ። እኛ ዘንድ ይህ የሬዲዮ ወሬ ነው፤ ሰምተን ሽሮ ወጥ ተወደደ ወደሚለው እንመለሳለን። ታናሽ ወንድሜ ግን የወንድሙ መቀለጃ አደረገው። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጋሼ ማለቱን ትቶ «ሃምሳ አንደኛው» ይለው ጀመር። «ሃምሳ አንደኛው እንዴት አደረ?» «ሃምሳ አንደኛው፣ እኔ ስንት መከራ ያየሁበትን ወረቀት አንተ ቁጭ ብለህ በነጻ ልታገኘው ነው!»  ታላቁ መጀመሪያ «ይሄን ነገር ተው» ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ ከግሩፑ ወጣ፤ አሜሪካንም በእግሬ አልረግጥም ብሎ ማለ። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ያሉ አባቶቻችን ቴሌግራምን ሳያዩ መሆኑ ይገርመኛል።

ለፋሲካ ኑና አባታችሁን እዩ ብዬ የለመንኳቸው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ሲተያዩ ይበርድላቸዋል ብዬ ነበር። መንገዱ በሰላም ክፍት የነበረበት ጊዜ ሆነና ሁለቱም መጡ፤ ግን በተለያየ ቀን ገብተው በተለያየ ሆቴል አረፉ። የእኔ ቤት እያለ! ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው ዓርብ ወደ አንኮበር ልንሄድ ስንገናኝ ሻንጣ ያመጣልን የባጃጅ ሹፌር «አሜሪካኖቹ እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ። ታላቁ ቦርሳው ላይ የተሰፋችውን ቀይ ቅጠል እያሳየ «እኔ ከካናዳ ነኝ» አለው። «ያው ነው ወንድሜ» አለ ልጁ፣ ክፋት አስቦ አይደለም። ታናሹ ሳቁ አመለጠው። በተከራየነው መኪና አንኮበር እስክንደርስ አንዱ ከሹፌሩ ጎን፣ አንዱ ከኋላ ተቀምጠው ገደሉን በየመስኮታቸው አዩ።

ከመዘዞ በግ አስመጥቼ ነበር፣ ለስላሳም በሳጥን ጭኜ ነበር። ታላቁ ጥቁሩን ለስላሳ ስሰጠው «የአሜሪካ ነው፣ አልጠጣም» ብሎ መለሰልኝ። አዲስ አበባ የተሞላ ለስላሳ! ታናሹ በእልህ ሁለቱን ጠርሙስ አከታትሎ ጠጣ። «ካናዳዎች ሳትመታቸው ይቅርታ ይላሉ» አለ አፉን እየጠረገ። «ሐኪም ለማየት ግን ዓመት ይሰለፋሉ።»

«እኛ ታመን ስንድን ቤታችንን አንሸጥም» አለው ታላቁ። «ልጆቻችንም ትምህርት ቤት ተኩስ ሲሰሙ ጠረጴዛ ሥር መግባት አይለማመዱም።»

«እኛ ባንገዛላችሁ ኖሮ እንጨታችሁን ትበሉት ነበር።»

እኛ ይላሉ ሁለቱም።  የትኛው እኛ? እኔ የማውቀው እኛ በዚያ በተበላ ብርድ ልብስ ሥር ሲጓተት የነበረውን ነው። አባባ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን እያዩ «ቆይ፣ ሁለቱ አገር ያው አይደል እንዴ?» አሉ።

«አባባ፣ ያው አይደለም» አለ ታላቁ። «ሰው እርስዎን ያው መንዜ ነዎት ቢልዎትስ?»

«እኔ መንዜ አይደለሁም!» አሉ አባባ ፈጠን ብለው። ለአንድ አፍታ ሁላችንም ሳቅን፤ ሁለቱ እንኳ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ። ይለቃቸዋል ብዬ ልቤን ደስ አለው። ወዲያው ግን ታናሹ «እንግዲህ ሃምሳ አንደኛው ሳቀ» አለና አበላሸው። ታላቁ ተነሥቶ ወጣ።

በማግሥቱ ቅዳሜ አባባ ጠርተው «ነገ ቅዳሴ አልገባም» አሉኝ። ጠቡ የልጆቹ እንጂ የእርስዎ አይደለም አልኳቸው። የደብሩ ቄሶችም እንደዚያው አሏቸው። «ልጆቼ በአንድ ጣራ ሥር ተኳርፈው እኔ መሥዋዕት ልነካ? ‹ሂድ፣ መጀመሪያ ታረቅ› እያልኩ ስንቱን ከደጅ መልሻለሁ። ለእነሱ ያልኩትን ለራሴ አላሳንሰውም» አሉ። ግትር ናቸው፤ ሦስታችንም ግትርነቱን የወሰድነው ከማን ሆነና።

ስለዚህ በዚያው ቀን ሽማግሌ ተጠራ። ከአሊዩ አምባ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የአባባ ወዳጅ የሆኑት ነጋዴ ሐጂ ወጡ፤ አንድ የደብሩ ቄስና አንድ ጎረቤት አዛውንት ገበሬም ተጨመሩ። ግቢው ውስጥ ወይራው ሥር ተቀመጡና ገበሬው በቀጥታ «ድንበር ነው?» ብለው ጠየቁ። በእኛ አገር ወንድማማች ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

«አዎ፣ ድንበር ነው» አለ ታላቁ፤ ነገሩንም አስረዳ።

ገበሬው በአንድ ትልም መሬት ከጎረቤታቸው ጋር ስንት ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ሰው ናቸው። ሰምተው ሲያበቁ ዐይናቸው ፈጠጠ። «ሃምሳ አለው ነው የምትለኝ? ሃምሳ እያለው የጎረቤቱን አንዷን ያያል?»

«አባቶቼ፣ ቀልድ እኮ ነው!» አለ ታናሹ። «እኔ ነኝ እንዴ ካናዳን የምወስደው?»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። «ወላሂ ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ ልጄ። ግን ትልቅ ጎረቤት ያለው ሰው በድንበሩ ሲቀልዱበት አይስቅም። እኛ ቆለኞቹ ከእናንተ ከደገኞቹ እግር ሥር ስንኖር ይሄን እናውቀዋለን።» አባባ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ፍርዱ ተሰጠ፤ ቀላጁ በድሏልና ጉልበት ይዞ ይቅርታ ይለምን፣ ተበዳዩ ያንሣውና ይሳሳሙ።

ታናሹ አላንገራገረም። ተንበርክኮ የወንድሙን ጉልበት ያዘ፤ «ይቅር በለኝ» አለ። ወጉ የታወቀ ነው፤ ታላቁ ጎንበስ ብሎ ክንዱን ይዞ ያነሣዋል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ አለቀ። ታላቁ ግን ወደታች እያየ ቆመ። አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንሣው እንጂ» ልል አፌን ስከፍት ታናሹ በራሱ ተነሣ፤ የሱሪውን ጉልበት አቧራ አራገፈና «እሺ፣ እኔ የድርሻዬን ተወጥቻለሁ» አለ። ታላቁ ዘግይቶ በደረቁ «ይቅር ብያለሁ» አለ። ተሳሳሙም። አባባ ግን ወንድሙ እንዳላነሣው አይተዋል።

እሑድ ጠዋት አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከምእመኑ ጋር ደጅ ቆሙ። መስቀላቸውን ሊሳለም የመጣው ሰው ግራ ተጋብቶ ይመለሳል። ወንድሞቼ አንዱ ከበሩ ወዲህ፣ አንዱ ከበሩ ወዲያ ቆመው ያስቀድሳሉ። ከውስጥ ዜማው ሲመጣ የአባባ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ታላቁ ቀድሞ ሊሄድ ደብረ ብርሃን ይዤው ስመለስ «ለምን አላነሣኸውም?» አልኩት።

«እትዬ፣ ቀረጡ ሲመጣ የሚጫን እንጨት ጠፋ» አለኝ። «መኪናውን ባንክ ወሰደው። ለእሱ ብቻ ነበር የነገርኩት። መልሱ ምን መሰለሽ? ‹አይዞህ ሃምሳ አንደኛው፣ በቅርቡ ዜጋችን ትሆናለህ።› ጉልበቴን ሲይዝ ጋሼ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንዴ ጋሼ ቢለኝ በቃኝ ነበር። እጄ እኮ ተነሥቶ ነበር።»

 ታናሹ ሊሰናበተኝ ሱቅ ሲመጣ ይህን ነገርኩት። ብርድ ልብሶቹ ክምር ላይ ቁጭ አለ። «ያን ሁሉ ካልኩት በኋላ ጋሼ ማለት አፈርኩ» አለኝ። «ሲያነሣኝ፣ አንገቱን ሳቅፈው፣ በጆሮው ልለው ነበር።»

ደወለለት፤ አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ደወለለት። ጋሼ ብሎታል። ታላቁ ስልኩን ይዞ እንደ ልጅ ማልቀሱን ሚስቱ ነገረችኝ። ዛሬ በየቀኑ ነው የሚነጋገሩት፤ ስለ ካናዳም ስለ አሜሪካም አንድ ቃል አይተነፍሱም። እኔም ይህን የምሥራች ይዤ አንኮበር ሄድኩ። አባባ ሰምተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ከዚያ «በስልክ ጉልበት አይያዝም» አሉ። «ሲያነሣው በዐይኔ ልየው። ያኔ እገባለሁ።»

ለማንሣት ደግሞ መገናኘት ያስፈልጋል። ታናሹን ጠበቃው «አሁን ነገሩ ጠብቋል፤ የዜግነት ጉዳይህ ሳያልቅ ከአሜሪካ ብትወጣ መመለስህን እንጃ» ብሎታል። ታላቁ መሐላውን አፍርሶ ሊሻገር ቢነሣ ጓደኞቹ «ስልክህን በርብረው፣ የተወለድክበትን አይተው ከድንበር ይመልሱሃል» ብለው አስፈሩት። ወደዚህ እንዳይመጡም አንዱ ሥራ የለው፣ አንዱ መውጫ የለው። በዓለም ላይ ሁለቱ የሚገናኙበት አንድ ቦታ ያ የአባባ ግቢ፣ ያ ወይራ ሥር ነበር። እዚያ ደርሰው፣ አንዱ ክንድ ሳይይዝ፣ ሌላው ጋሼ ሳይል ቀሩ። ይህን ሳስብ ያቃጥለኛል፤ ሥራ ላይ ሆኜም ያቃጥለኛል።

የአባባ ዐይን እየደከመ ነው። እግራቸውም እንደ ድሮው ረጅሙን ቅዳሴ አይሸከምም፤ ነገ ቢታረቁላቸው እንኳ ገብተው መቀደሳቸውን አላውቅም። አሁንም እሑድ እሑድ ደጅ ይቆማሉ። ባለፈው እጃቸውን ይዤ ወደ ቤት ስመልሳቸው ቆም አሉ።

«ከአንኮበር አዲስ አበባ ያህል ነው ብለሽኝ አልነበረም?»

«ነው አባባ።»

«ታዲያ ምን ያዛቸው?»

«ድንበሩ ነው አባባ።»

ገበሬው እንደጠየቁት አድርገው፣ እንደ ሽማግሌ ረጋ ብለው፣ «የማን ድንበር?» አሉኝ።