ዘይት የማይፈልገው ሽጉጥ

ወንድሜ ሽጉጡን ሲለውጥ ምክር የጠየቀው እኔን ነው። ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርሁም።

ያን ጊዜ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ወንድሜ በዘጌ በኩል፣ በሐይቁ ዳር ያለ የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ ነበር። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚወጣውን መሬት በገመድ እየለካ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። መሬቱ የጠበበበት አንድ ጎልማሳ በሰው ፊት፣ «አንተን ሳልጥል አልሞትም» አለው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ እንዲይዝ ተፈቀደለትና የሟች አባታችንን ሽጉጥ ታጠቀ።

ሁለንተናዋ ብረት ነበር። ከባድ ናት። ገመድ ሊጎትት ሲያጎነብስ ዳሌውን ትወጋዋለች፤ ቤት ገብቶ ቀበቶውን ሲፈታ ቆዳው እዚያው ቦታ ላይ ቀልቶ አያለሁ። ደግሞ በየቀኑ ታንኳ ስለሚሳፈር እርጥበት አያጣትም። ሁለት ቀን ከተተወች ትዝጋለች። ፈታትቶ በዘይት መወልወል የኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ እኔ ደጃፍ ላይ ጨርቅ ይዤ እቀመጣለሁ። ጣቴ እስከ ሰኞ ዘይት ዘይት ይሸታል።

በምንኖርበት ሰፈር፣ ሹም አቦ ውስጥ፣ ከቤታችን ሦስት በር አልፎ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ አንድ የጦር መኮንን ነበሩ። ከዚያ ያመጡት ሽጉጥ፣ ከአፈሙዙና ከላይኛው ብረቱ በቀር፣ አካሉ ፕላስቲክ ነው። እሳቸው የድሮ ዕቃ ይወዳሉና እንለዋወጥ አሉት። ወንድሜ ሁለቱንም ቤት ይዞ መጣ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ይዞ ከፍ ዝቅ አደረጋቸው።

«ይቺ ያባባ ናት» አለ። «ስትታይም ታስፈራለች። ይኼኛውን ግን መታጠቄንም አላውቅ። አንተ ብትሆን የቱን ትይዛለህ?»

ፕላስቲኩን አልሁት። ቀላል ነው፣ አካሉ አይዝግም፣ ከኮት ሥር አይታይም አልሁ። ያወቅሁ መስዬ ተናገርሁ። እውነቱ ግን... ቅዳሜዬን ፈልጌ ነው። እሱም ሳይጠረጥር አልቀረም፤ ሳቅ ብሎ፣ «በቃ፣ ኳስህን ተጫወት» አለኝ።

አንድ ያላሰብሁት ነገር ነበር። ወንድሜ ሽጉጥ የሚታጠቀው ሊተኩስ አልነበረም። በኛ አገር ጠብ ላይ ብረት ሲመዘዝ ገላጋይ ይነሣል። የማያውቅህ ሰው እንኳ ዘሎ መሐል ይገባል፤ አንዱ እጅህን ይይዛል፣ አንዱ በማርያም ይልሃል። የአባቴ ሽጉጥ በወንድሜ እጅ ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለቱንም ጊዜ ሳትተኮስ ተመልሳለች።

ከተለዋወጡ አንድ ወር ቢሆን ነው። በገበያ ቀን፣ ጀልባ ማረፊያው ላይ፣ ያ ጎልማሳ ሽመል ይዞ መጣበት። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ። የሆነውን የነገሩኝ የወንድሜ ወዳጅ የነበሩ አንድ አሳ አጥማጅ ሽማግሌ ናቸው። ለቅሶ መጥተው ከድንኳኑ ጥግ ጠሩኝ።

ወንድሜ ሽጉጡን አወጣ። ጎልማሳው ቆም ብሎ አየና፣ «ጓድ ጸሐፊ፣ የልጅህን መጫወቻ መልስለት፣ ያለቅሳል» አለው። ወንድሜ ልጅ አልነበረውም። ሰው ሳቀ። በኛ ገበያ ፕላስቲክ ማለት ጀሪካን ነው፣ ጫማ ነው፣ የሕፃን ፊሽካ ነው። ሊገላግሉ የሚችሉት ሁሉ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ወንድሜም ሽመል በያዘ ሰው ላይ መተኮስ አልሆነለትም። አፍሮ ሽጉጡን ወደ ኮቱ ሲመልስ ሽመሉ ጭንቅላቱ ላይ አረፈ።

«ወላሂ፣ አልሳቅሁም አልልህም ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «እኔም ስቄያለሁ። የእውነት መሆኑን ባውቅ ኖሮ እጁ ላይ እንጠለጠል ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ነው የሞተው። ጎልማሳው ታሰረ። እሱን ልጠላ እሞክራለሁ፤ ሁልጊዜ አይሆንልኝም። የሳቁት ሰዎች ለቅሶ መጥተው ከኛ ይልቅ ደረት መቱ። ገበያው ላይ አንዳቸው ቢነሡ ይበቃ ነበር።

እናቴ፣ «ያባቱን ትቶ ያን ነገር ምን አስያዘው?» ትላለች፣ ለሚመጣው ሰው ሁሉ። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ። ይቀለው ነበር አልኋት። ውሸት አይደለም።

መኮንኑ በአርባው ቀን መጡ። የአባቴን ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልለው አመጡልን፤ የራሳቸውን ግን አልጠየቁም። ጨርቁን ፈታሁት። አፈሙዟ ሥር ቀይ ዝገት ጀምሯታል። እሳቸው ስለ ወንድሜ ሊነግሩኝ ፈልገው ነበር፤ ጎበዝ ነበር፣ እንዲህ ነበር እያሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ዝገቱን በጥፍሬ ስፍቅ ቆየሁ። መልስ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። አፌ ላይ የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አልወለወሏትም እኮ» አልኋቸው።